ከሲልቨር ስፕሪንግ የሎውስቶን በ3 ቀን? አይሆንም እህቴ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ኦገስት ላይ የ12 ቀን ዕረፍት አለን። አር ቪ (ውስጡ አልጋና ኩሽና ያለው የጉዞ መኪና) ተከራይተን ምዕራብ አሜሪካ ያለው የሎውስቶን ፓርክ ልንሄድ አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 እና የ4 ዓመት ልጆቻችን፣ በዚያ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣችው የ68 ዓመት እናቴ ነን። ካርታው 31 ሰዓት ገደማ ይላል። በቀን 700 ማይል ብንነዳ በ3 ቀን እንገባለን ብለን አስልተናል። ባለቤቴ ረጅም መንገድ ይወዳል፣ እኔ ትልቅ መኪና እፈራለሁ። ያስኬዳል ወይ? በቀን ስንት ማይል ነው ልክ?»

እህቴ፣ መልሱን ቀድሜ ልንገርሽና ምክንያቱን ቀስ ብዬ አመጣዋለሁ። 700 አይሆንም። 500ም አይሆንም። ሁለት ልጅና እናት ይዛችሁ በአር ቪ ስትሄዱ በቀን 200 ማይል አካባቢ ያዙ። ጣሪያው 300 ነው፣ እሱም በተከታታይ ቀን አይደገምም።

አንተ ማነህ ትይኝ ይሆናል። 11 ዓመት ትራክ ነድቻለሁ። አሁን ደግሞ አር ቪ ለሚከራዩ ቤተሰቦች መኪናውን አሳይቼ አስረክባለሁ፣ ሲመለሱም እቀበላለሁ። ሰው በምን ፊት ወጥቶ በምን ፊት እንደሚመለስ ስለማይ፣ ገና ከመኪናው ሲወርዱ በቀን ስንት ማይል ሲነዱ እንደከረሙ ብገምት ብዙም አልስትም። ባልና ሚስት ካልተነጋገሩ ከ450 በላይ ነው።

እስቲ 700ውን አብረን እንቁጠረው። ካርታው 10 ሰዓት ተኩል ይልሻል። ካርታው ግን የሚያስበው ትንሽ መኪና ነው። የማይቆም፣ የማይበላ፣ ነዳጅ የማይቀዳ መኪና። አር ቪ 75 ይሄዳል ወይ ብትይኝ ይሄዳል፣ ግን መሄድ የለበትም። የሚያምርበት 60 ነው፣ ቢበዛ 65። ረጅም ዳገት ላይ 45 ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ እኔ የካርታውን ሰዓት ሁሌም በ1.25 አባዛለሁ። 10 ሰዓት ተኩሉ 13 ሰዓት ሆነ። ገና መቆሚያው አልተቆጠረም። በየ2 ሰዓቱ 20 ደቂቃ፣ ለምሳ 45 ደቂቃ፣ ነዳጅ ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ስትጨምሪበት 16 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ጠዋት 7 ሰዓት ብትነሱ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ትደርሳላችሁ። (ሁሉንም በፈረንጅ ሰዓት ነው የምጽፈው፣ ለእናትሽ ስትነግሪያቸው 6 እያስተካከልሽ።) ይህን ሦስት ቀን በተከታታይ። ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቆጠር ሁለት ሰዓት ታተርፋላችሁ፣ እሱ እውነት ነው። ስትመለሱ ግን፣ ያውም በደከማችሁበት፣ ያችኑ ሁለት ሰዓት ትከፍላላችሁ።

ሕጉንም ልንገርሽ። እዚህ አገር ዕቃ የሚጭን የትራክ ሹፌር ቢበዛ 11 ሰዓት ነው የሚነዳው። ሥራ ከጀመረ 14 ሰዓት ካለፈ መሪ አይነካም። እንደገና ለመንዳት 10 ሰዓት ማረፍ አለበት። 8 ሰዓት ከነዳ ደግሞ ቢያንስ 30 ደቂቃ ማቆም ግዴታው ነው። እንግዲህ ባለቤትሽ ያሰበው 13 ሰዓት፣ ደሞዝ ተከፍሎኝ፣ ብቻዬን፣ ከኋላዬ «ባባ ሽንቴ መጣ» የሚለኝ ሳይኖር ለምነዳው ለእኔ እንኳ በሕግ የተከለከለ ነው። በዕረፍት ላይ ላለ ሰው ማንም አይከለክለውም። ችግሩም እሱ ነው።

እኔም አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተሰቤን በአር ቪ ይዤ የወጣሁት ወደ ኦርላንዶ ነው። ከዚህ 850 ማይል ገደማ ነው። ለትራክ ሹፌር ቀላል ነው ብዬ በሁለት ቀን ከፈልኩት፣ የመጀመሪያው ቀን እስከ ሳቫና፣ ወደ 580 ማይል። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ወጣን። ዓርብ ከሰዓት አይ 95 የሚባለውን አውራ ጎዳና ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልገኝም፣ ፍሬድሪክስበርግ ለመድረስ ብቻ 2 ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ካምፕ ቦታው ስንገባ ሌሊት 1 ሰዓት አልፏል። ቢሮው ዝግ ነው፣ በር ላይ ስሜ የተጻፈበት ፖስታ ተለጥፏል። 53 ጫማ ተሳቢ ወደ ኋላ እየነዳ ጠባብ ቦታ የሚያስገባ ሰው፣ 25 ጫማ መኪና ማስገባት አቃተኝ። ጨለማ ነው፣ ባለቤቴ በስልክ መብራት ታሳየኛለች፣ ጎረቤቱ መጋረጃ ገልጦ ያያል። የመብራት ማገናኛውን ምሰሶ ገጨሁት። ልጄ እራት ሳትበላ ተኝታለች። በማግስቱ የትም አልሄድንም። አንድ ቀን «አትርፌ» አንድ ቀን ከሰርኩ፣ የመኪናው ጥግ የተሠራበት ደግሞ ከማስያዣው ተቆረጠ።

ከዚያ ወዲህ ቀኑን የምቆጥረው ከመነሻው አይደለም። ከመድረሻው ነው።

አር ቪ የሚነዱ ሰዎች «3-3-3» የሚሉት ነገር አላቸው። በቀን ከ300 ማይል አትለፍ፣ ከሰዓት 3 ሰዓት በፊት ግባ፣ በገባህበት 3 ሌሊት እደር ማለት ነው። ረጋ ያሉት ደግሞ ሁሉንም 2 ያደርጉታል። ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ይዞ ይሟገታል፣ 300 ነው 200። እኔ የምይዘው መሀለኛውን ነው። ከሰዓት 3 ሰዓት ገብተሽ መኪናውን አቁመሽ መሆን አለብሽ። በዚያን ሰዓት ቢሮው ክፍት ነው። የውሃውና የመብራቱ ማገናኛ ይታያል። የሚያፈስ ቱቦ ካለ በብርሃን ታገኚዋለሽ፣ የጎደለ ዕቃ ካለ ሱቅ አልተዘጋም። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ታስረው ውለው የሚሮጡበት 5 ሰዓት ብርሃን ይቀራቸዋል። ለልጅ ዕረፍት ማለት ያቺ 5 ሰዓት ናት።

አሁን ወደ ኋላ ቁጠሪ። መድረሻ 3 ሰዓት። መነሻው መቼ ነው? 7 እንዳትይኝ። አር ቪ ቁልፍ አዙረሽ የምትወጪበት መኪና አይደለም። መብራት ይነቀላል፣ የውሃ ቱቦ ይጠቀለላል፣ የፍሳሹ ታንክ ይደፋል (ይቺን ለባለቤትሽ ስጪው)፣ ኩሽናው ይታሰራል፣ መሳቢያው ሁሉ ይቆለፋል፣ ደረጃው ይታጠፋል፣ ጎማ በዓይን ይታያል። ልጆች ቁርስ ይበላሉ። እናትሽ ጸሎታቸውን ያደርሳሉ፣ ቡና ይጠጣሉ። እውነቱን ከተነጋገርን ከ9 ሰዓት በፊት አትወጡም። ከ9 እስከ 3 ስድስት ሰዓት ነው። ለምሳና ለመቆሚያ 1 ሰዓት ተኩል ስትቀንሺ ጎማ የሚዞርበት 4 ሰዓት ተኩል ይቀራል። እሱን ለ1.25 ስታካፍዪው 3 ሰዓት ተኩል የካርታ ሰዓት። በሃይዌይ 200 ማይል፣ ትንሽ ፈቅ ቢል ነው። 200 ያልኩሽ ከዚህ መጥቶ ነው፣ ከሰማይ አልወረደም።

ስለዚህ ማይሉን ተይውና «በካርታ 3 ሰዓት ተኩል» ብለሽ ያዢ። ማይል ያታልላል። ነብራስካ ሜዳ ላይ 200 ማይል አንድ ነገር ነው፣ ተራራ ላይ 200 ማይል ሌላ ነው። የሎውስቶን ውስጥ ያለው ትልቁ ክብ መንገድ 142 ማይል ብቻ ነው፣ ግን የፍጥነት ገደቡ ቢበዛ 45 ነው። በዚያ ላይ ጎሽ መንገድ መሀል ይቆማል። ጎሽ ክላክስ አይሰማም። ያንን 142 በአንድ ቀን ዞሬ ልጨርስ የሚል ሰው ከመስኮት በቀር ምንም ሳያይ ይመሻል። እዚሁ ቅርባችን ያለው የሸናንዶዋ ስካይላይን ድራይቭም 105 ማይል ነው፣ በ35 ነው የሚነዳው።

አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «ውስጡ ሽንት ቤት አለ፣ አልጋ አለ፣ ለምን እንቆማለን?» ይላሉ። መኪናው እየሄደ ማንም አይነሳም። ማንም። ፍሬን ሲያዝ ኮሪደር ላይ የቆመ ልጅ እስከ ፊት መስታወቱ ይወረወራል። ሁሉም ወንበር ላይ፣ በቀበቶ። የ4 ዓመቱ ልጅ መቀመጫ ደግሞ በተገኘው ወንበር ሁሉ ላይ አይታሰርም። ወደ ጎን የዞረው ሶፋ ላይ አይሆንም፣ ወደ ኋላ የሚያየው የምግብ ጠረጴዛ ወንበርም አይሆንም። ወደ ፊት የሚያይ፣ ተገቢው ቀበቶ ያለው መቀመጫ ያስፈልጋል። መኪናውን ከመያዝሽ በፊት የትኛው ወንበር ላይ እንደሚታሰር ጠይቂ፣ ፎቶ አስልኪ። በዚህ ምክንያት በርክክቡ ቀን መኪና ሲቀየር አይቻለሁ።

እናትሽን በተመለከተም መቆሙ ግዴታ ነው። ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይብሳል። በየ2 ሰዓቱ ወርደው 10 ደቂቃ ይራመዱ። ውሃ ይጠጡ። የኛ እናቶች መንገድ ላይ «ሽንት እንዳይመጣብኝ» ብለው ውሃ ይተዋሉ፣ እሱን ተቆጣጠሪ። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ካላቸው ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማቸውን አማክሪ።

ስለ መኪናውም ትንሽ ልበል። የምትከራዩት ምናልባት 25 ጫማ የሚሆነው፣ ከሹፌሩ ጭንቅላት በላይ አልጋ ያለው ዓይነት ነው። ሰውና ውሃ ሲጫንበት ከ5 ቶን ያልፋል። ማለትም የሚነዳው ቤት አይደለም፣ አይሱዙ ነው። ባለቤትሽ ረጅም መንገድ የሚወደው በካምሪ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ጎኑ ሰፊ ስለሆነ ነፋስ ይገፋዋል፣ ትልቅ ትራክ ሲያልፍሽ መጀመሪያ ይገፋሻል ቀጥሎ ይስብሻል። ዋዮሚንግ ውስጥ አይ 80 ነፋሱ ሲበረታ ቀላልና ቁመተ ረጅም ለሆኑ መኪናዎች ይዘጋል። ቀኑን ሙሉ መሪ ሲያቃና የዋለ ሰው ማታ ትከሻው አይዞርም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ይዞ መውረድ አይቻልም፣ ይግላል፣ ከዚያ አይዝም። ማርሽ ቀንሶ፣ በሞተር እየተያዙ መውረድ ነው፣ ፍሬን በየመሀሉ ጠንከር አድርጎ መንካትና መልቀቅ። ይህን ከሜሪላንድ ሳትወጡ አይ 68 ላይ ሳይድሊንግ ሂል ስትደርሱ ትማሩት ነበር።

መንገዳችሁ በባልቲሞር በኩል ባይሆንም ይህን ለሚያነቡ የአካባቢያችን ሰዎች አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አር ቪ ለኩሽናው የፕሮፔን ጋዝ ይይዛል። የባልቲሞር ሁለቱም ዋሻዎች፣ ፎርት ማክሄንሪም ሃርበር ተነልም፣ እንዲህ ያለ የፕሮፔን ታንክ የያዘ መኪና አያስገቡም። ድሮ በኪ ብሪጅ ይዞር ነበር፣ ድልድዩ ማርች 26 ቀን 2024 ፈረሰ። አሁን ወደ ኒው ዮርክ የሚሄድ አር ቪ በአይ 695 በምዕራብ በኩል ይዞራል። ለዚያች ዙር የካርታ ሰዓቱ ላይ ጨምሩ።

ወደ እናንተ ልመለስ። የሎውስቶን ከቤታችሁ 2,100 ማይል ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 4,200። በቀን ሙሉ 300 ብትነዱ እንኳ 7 ቀን መሄጃ፣ 7 ቀን መመለሻ፣ 14 ቀን። ያላችሁ 12 ነው። ፓርኩን ሳታዩ ሁለት ቀን ተበድራችኋል። ነዳጁም አለ። እንዲህ ያለ መኪና በጋሎን 9 ማይል ቢሄድ ነው፣ 4,200 ማይል 467 ጋሎን ይፈልጋል። ጋሎኑን በ3 ዶላር ከ50 ብናስበው ከ1,600 ዶላር በላይ። በዚያ ላይ ብዙ አከራዮች በቀን የተወሰነ ማይል ብቻ ይሰጡና ከዚያ በላይ ላለው በየማይሉ ያስከፍላሉ። ያንን ስትደምሪ የአምስት ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ውድ ላይመስልሽ ይችላል።

የኔ ምክር ይኸው ነው፦ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ብረሩና እዚያ ተከራዩ። ከዚያ ዌስት የሎውስቶን፣ በፓርኩ ምዕራብ በር ላይ ያለችው ከተማ፣ 320 ማይል ገደማ ነው። ይህም በአንድ ቀን አይደለም።

የመጀመሪያው ቀን በረራ ነው፣ ሆቴል እደሩ። ከአውሮፕላን ወርዶ በቀጥታ መኪናውን የሚረከብ ሰው ከማስረዳው ግማሹን አይሰማኝም። በሁለተኛው ቀን ተረከቡ። እሑድ እንዳይሆን ግን አረጋግጡ፣ ብዙ ቦታ ዝግ ነው። ርክክቡ ራሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ከዚያ አስቤዛ አለ። ስለዚህ የዚያን ቀን መንዳት 50 ማይል ብቻ ይሁን፣ ዊላርድ ቤይ የሚባል ሐይቅ ዳር ማደር ይቻላል። የመጀመሪያዋን ሌሊት ከአከራዩ ርቆ አለማደር ጥሩ ነው። ማሞቂያው እንቢ ቢል፣ ውሃው ቢያፈስ፣ ጠዋት መመለስ ትችላላችሁ።

ሦስተኛው ቀን ላቫ ሆት ስፕሪንግስ፣ አይዳሆ፣ ከ100 ማይል ትንሽ የሚበልጥ። ፍልውሃ ነው እኮ! እናትሽ እዚያ ይነከሩ፣ ትመረቂያለሽ። አራተኛው ቀን የጉዟችሁ ረጅሙ መንገድ ነው፣ በፖካቴሎና በአይዳሆ ፎልስ በኩል 195 ማይል ገደማ ተነድቶ ዌስት የሎውስቶን ይገባል። እዚያ ሁለት ሌሊት። በመሀል ያለው ቀን ኦልድ ፌዝፉል የሚባለውን የሚፈነዳ ፍልውሃ ታያላችሁ፣ መሄጃው 30 ማይል ነው። በጠዋት ሂዱ። ከረፋድ በኋላ አር ቪ የሚያስቆም ቦታ ማግኘት ዕድል ነው፣ ትንሽ መኪና ላለው እንኳ ይጨንቃል።

ስድስተኛው ቀን በካንየን በኩል ዞራችሁ ፊሺንግ ብሪጅ ትገባላችሁ፣ 56 ማይል። ትንሽ ነው ብለሽ እንዳትንቂ፣ ፏፏቴ አለ፣ ጎሽ አለ፣ ቀኑ ይሞላል። ፊሺንግ ብሪጅ ከፓርኩ ካምፖች መብራት፣ ውሃና ፍሳሽ አንድ ላይ ያለው ብቸኛው ነው። በድብ ምክንያት ግድግዳው ጠንካራ የሆነ መኪና ብቻ ነው የሚያስገቡት፣ ድንኳን የለም። ቶሎ ስለሚሞላ ቦታውን ሳትይዢ የአውሮፕላን ቲኬት አትቁረጪ። እዚህም ሁለት ሌሊት። ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፣ የየሎውስቶን ሐይቅ ከፍታው 2,357 ሜትር ነው፣ አዲስ አበባ ነው በይው። እናንተ ከሜሪላንድ ሄዳችሁ ደረጃ ስትወጡ ታለከልካላችሁ፣ እናትሽ ቤታቸው ናቸው። ማታ ብርዱንም ያውቁታል፣ ለኦገስት ብለሽ ጋቢ እንዳትተዪ።

ስምንተኛው ቀን ወደ ደቡብ፣ ግራንድ ቲተን ፓርክ ውስጥ ኮልተር ቤይ፣ 60 ማይል ገደማ፣ ሁለት ሌሊት። አሥረኛው ቀን ሌላው ረጅም ቀን ነው፣ በጃክሰንና በአልፓይን በኩል 190 ማይል ገደማ ሄዳችሁ ቤር ሌክ ዳር ጋርደን ሲቲ። ጃክሰን ላይ ካርታው በቲተን ፓስ ሊወስድሽ ይሞክር ይሆናል፣ እንቢ በዪው። 10 በመቶ ቁልቁለት ነው። እኔ ራሴ እዚያ ቤተሰብ ይዤ አልወርድም። የወንዙን ሸለቆ ተከትሎ በአልፓይን መሄድ ነው። ጋርደን ሲቲ በራስቤሪ የታወቀ ነው፣ ልጆቹ ያንን የራስቤሪ ሼክ ከፓርኩ ይልቅ ሊያስታውሱት ይችላሉ፣ አትቀየሚ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከቤር ሌክ ሶልት ሌክ 125 ማይል ስለሆነ «ጠዋት ነድተን እናስረክባለን» ይላሉ። አከራዮች ግን ብዙ ጊዜ በ10 ወይም በ11 ሰዓት መልሱ ይላሉ፣ ሲዘገይም ያስከፍላሉ። ከዚያ በፊት ታንኩ መደፋት አለበት፣ ነዳጁ መሞላት አለበት፣ ውስጡ መጠረግ አለበት፣ ከመቀመጫ ሥር የልጁ አንድ ጫማ መፈለግ አለበት። ስለዚህ አሥራ አንደኛው ቀን በሎጋን ሸለቆ በኩል 75 ማይል ወርዳችሁ እንደገና ዊላርድ ቤይ እደሩ። በመጨረሻው ቀን የሚቀራችሁ 50 ማይል ነው፣ ማታ ትበራላችሁ። ጠቅላላው 840 ማይል ገደማ ይሆናል፣ 93 ጋሎን አካባቢ። ከ4,200 ጋር አወዳድሪው።

«የለም፣ ከቤታችን በር ነው መነሳት የምንፈልገው» ካላችሁ ደግሞ የሎውስቶንን ለሌላ ዓመት ተዉት። ፍሮንት ሮያል ከዋሽንግተን 70 ማይል ነው። ከዚያ ሸናንዶዋ፣ ከዚያ ብሉ ሪጅ የሚባለውን የተራራ መንገድ ይዛችሁ በየ150 ማይሉ እያደራችሁ እስከ ስሞኪ ተራሮች። ስካይላይን ድራይቭ ላይ ያለው ዋሻ ቁመቱ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። የመኪናችሁን ቁመት፣ ጣሪያ ላይ ያለውን ኤሲ ጨምሮ፣ በወረቀት ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉ። ይህን የትም ብትሄዱ አድርጉት።

መንዳት እፈራለሁ ላልሽው፣ መፍራትሽን አልጠላሁትም። የሚፈራ ሰው መስታወት ያያል። ግን አንድ ሹፌር ብቻ ይዞ መውጣት ልክ አይደለም፣ ባለቤትሽ አንድ ቀን ቢያተኩሰው እዚያው ቀራችሁ ማለት ነው። ስምሽ በኪራይ ውሉ ላይ ይግባ። በርክክቡ ቀን ባዶ ፓርኪንግ ፈልጋችሁ አንድ ሰዓት ተለማመጂ፣ ስትታጠፊ የኋላው ጅራት ወዴት እንደሚወጣ እይ። ከዚያ በየጠዋቱ ቀጥ ባለው ሃይዌይ ላይ 45 ደቂቃ ያንቺ ይሁን። ከሦስተኛው ቀን በኋላ መሪውን አልመልስም እንዳትይ እፈራለሁ።

ቡናውን ሳልረሳው። እናትሽ ይዘው እንደሚመጡ አውቃለሁ፣ ጀበናውንም ሲኒውንም። እሰዬው ነው። ግን ከሰል መኪናው ውስጥ በፍጹም አይቀጣጠል፣ መስኮት ከፍተን ነው የሚባል ነገር የለም። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል፣ እዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ደግሞ ፈጣን ነው። የአደጋ መጠቆሚያው ሲጮህ «ይሄ ነገር ረበሸን» ብሎ ባትሪ ያወጣ ቤተሰብ አጋጥሞኛል! ቡናው ውጭ ይቆላ። ኦገስት ላይ በዚያ አገር እሳት የሚከለከልበት ጊዜ ስለሚበዛ ስትገቡ ጠይቁ፣ ከተከለከለ በጋዝ ምድጃው ነው። ቆሎውም ዳቦውም ጠረጴዛ ላይ አይደር፣ ድብ ይመጣል፣ ጠባቂዎቹም ይቀጣሉ። እናትሽ ፍልሰታን የሚጾሙ ከሆነ ሽሮ ለአር ቪ ኩሽና የተፈጠረ ምግብ ነው። እንጀራው ግን ፍሪጁ ትንሽ ስለሆነ ከ15 በላይ አትያዢ።

ጀነሬተሩ የሚጠጣው ከመኪናው ታንክ ነው። ነዳጁ ሩብ ሲደርስ ሞተሩ የሚቀዳው እንዳያልቅበት ተብሎ ጀነሬተሩ ራሱ ይጠፋል። ተበላሸ ብላችሁ ማታ ለእኔ ቢጤ እንዳትደውሉ።

አሁን የመኪናውን ርዝመት ጻፊልኝ። ካምፕ ስትይዢ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው። ከ30 ጫማ በላይ ከሆነ ለአምስት ሰው አነስ ያለው ስለሚበቃ ከመክፈልሽ በፊት አስቀይሪ። ፊሺንግ ብሪጅ ሞልቶ ካገኘሽው ደግሞ ቀኖቹን ንገሪኝ፣ ዌስት የሎውስቶን ላይ አራት ሌሊት አድርገን መንገዱን እንደገና እናሰላዋለን።